የፊተኛው እና የኋለኛዋ

አናጺው የተገደለ ጊዜ ቤተሰቡ መጀመሪያ የደወለው ለተሳሳተ ሰው ነበር።

የደወሉት ጡረታ ለወጡት ለቀድሞው መርማሪ ነው፤ ቁጥራቸውን ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። «የፊተኛው» ይሏቸዋል። እሳቸውን ተክታ የገባችውን ሴት ደግሞ «የኋለኛዋ»። ቅጽል ስሙን አትወደውም፤ ግን ሥራውን ሀ ብለው ያስተማሯት እሳቸው ስለሆኑ ሰምታ ታልፈዋለች።

ጠዋት ወርክሾፑ ስትደርስ የፊተኛው መርማሪ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። ዓይኗ እንደ ልማዷ ከእግር ጀመረ።

«ጋሼ፣ አዲስ ጫማ! ሊሞሸሩ ነው እንዴ?»

«አሮጌው አፉን ከፈተ፤ ጣልኩት» ብለው ሳቁ። ወዲያው ፊታቸውን ቋጠሩ። «ግቢ። እኔ ደፉን አላለፍኩም፤ ያንቺን ሥራ አልነካም። ለነገሩ ብዙም አያደክምሽም። ታላቅ ወንድሙ አለልሽ፤ በዝርፊያ ታስሮ የወጣ። በፊት ያደረገ አሁን ምን ያቅተዋል?»

አናጺው ከሥራ ጠረጴዛው ሥር በደረቱ ተደፍቷል። መዶሻው አጠገቡ ወድቋል። መሃል ወለሉ ላይ ያለው ሰጋቱራ በሰው እግር ተተራምሷል። በግድግዳው ጥግ ጥግ ግን፣ ከጠረጴዛው እስከ በሩ፣ ቫርኒሽ የተቀቡ የመደርደሪያ ጣውላዎች እንዲደርቁ ተነጥፈዋል። ጎንበስ ብላ ነካቻቸው። እንደ ጠርሙስ ደርቀዋል። አንዱ ላይ፣ ከዚያ ወዲያ ባለውም ላይ፣ የጫማ ቅርጽ ሰምጦ አብሮ ደርቋል። ጫፉ ወደ በሩ ያመለክታል።

ሚስትየዋን ጎን ባለችው የዕቃ ክፍል አነጋገረቻት።

«ሥራ ሲደራረብበት እዚሁ ያድራል፤ ስለዚህ አልፈለግኩትም» አለች ሚስትየዋ። «ጠዋት ስመጣ ክፍሉ ጨለማ ነው። በመሃል ሮጬ፣ እግሩን ረግጬ ነው ማብሪያውን ያገኘሁት።»

«ማብሪያው ጠረጴዛው ጋ ነው?»

«አዎ። ወደ በሩ አዙረው ብዬ አፌ እስኪደርቅ ነግሬዋለሁ! ይሰማል እንዴ እሱ?» የምትወቅሰው ሰው እንደሌለ ትዝ ሲላት አፏን በእጇ ያዘች።

«ሰሞኑን እንዴት ነበር?»

«እንቅልፍ የለውም። ‹ታላቄን በውሸት ነው ያሳሰርኩት፤ አፌ ላይ ያስቀመጡልኝን ነው የተናገርኩት› ይላል። ማን ነው ያስቀመጠልህ ስለው ወደ ሥራው ይመለሳል።»

ታላቅ ወንድሙ ሳይጠራ ገባ። ሁለት እጁን አጣምሮ ዘረጋላት።

«እሰሪኝና እንገላገል። የምተኛው እዚሁ ጓሮ ነው፣ እስር ቤት ነበርኩ፤ ሌላ ምን ቀረሽ? ወንድሜ መሰከረብኝ፣ ይቅር ብዬው አብሬው እበላ ነበር። ይኼን ማን ያምነኛል? ያ በር ላይ የቆመው አስተማሪሽ?»

ወጥታ አንዱን ፖሊስ በጆሮው የሆነ ነገር ነግራ ላከችው።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ሦስቱንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ ከመታው በኋላ መብራቱን አጠፋ» አለች። «ማብሪያው ጠረጴዛው ጋ ስለሆነ እስከ በሩ በጨለማ መሄድ ነበረበት። ሚስቱና ወንድሙ ጣውላ የሚደርቀው ጥግ ላይ መሆኑን ያውቃሉ፤ በጨለማም የሚሄዱት በመሃል ነው። ሚስቱ ዛሬ ጠዋትም የሮጠችው በመሃል ነው። ገዳዩ ግን ግድግዳውን ይዞ ሄደና እርጥብ ቫርኒሽ ረገጠ። ጠዋት ደርቆ ስለነበር፣ የረገጠው ማታ፣ አናጺው የሞተ ጊዜ ነው።»

«ሌባ ይሆናላ» አሉ የፊተኛው። «ሌባም ግድግዳ ይዳብሳል።»

«ሌባ ነፍስ አጥፍቶ ይሮጣል እንጂ ጥግ ይዞ አይራመድም። ሬሳ ያለበትን ክፍል መሃሉን ላለመርገጥ ጥጉን ይዞ የሚሄድ ሰው እዚህ ሰፈር ሁለት ብቻ ነው። አንዷ እኔ ነኝ። ሌላው ያስተማረኝ ነው። ጋሼ፣ ገድለው እንኳን ልማድዎ አለቀቀዎትም።»

«ለምን ብዬ ነው የምገድለው?»

«ትናንት አናጺው ደውሎ ‹ስለ ወንድሜ የድሮ ክስ የምነግርሽ አለ› አለኝ። ያ ክስ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዎ ነው። የተሾሙበት፣ እኔንም ያስተማሩበት። የሚደሰቱ መስሎኝ ነገርኩዎት። ለሌላ ለማንም አልተናገርኩም።»

የላከችው ፖሊስ በላስቲክ የተጠቀለለ ጫማ ይዞ ገባ። በፊተኛው መርማሪ ቤት ጓሮ፣ ቆሻሻ በርሜል ውስጥ ነው ያገኘው። ሶሉ ላይ ቡናማ ቫርኒሽ ደርቋል፤ ሰጋቱራ ተለጥፎበታል።

ታላቅ ወንድሙ ጫማውን አየ፤ ከዚያ ሰውየውን። «ዕድሜዬን ወሰድክ» አለ በቀስታ። «ያ አልበቃህም?»

የፊተኛው የሚያዩት እሷን ብቻ ነበር። «ልጄ፣ የኔ ስም ከፈረሰ አንቺም ትፈርሻለሽ፤ የቆምሽው እኔ ላይ ነው። ወንድምየውን ይዘሽ ብትሄጂ ማን ይጠይቅሻል?»

«ለሁለተኛ ጊዜ ልትጭንበት ነበር» አለችው። ከተዋወቁ ጀምሮ አንተ ብላው አታውቅም።

ለፖሊሱ በአገጯ ምልክት ሰጠች። መሃል ለመሃል ሰጋቱራውን እየረገጠች ሄደች፤ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።