ጨዊትና መቀነት የታጠቀው በር

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ጆሯችሁን አውሱኝና ስለ ጨዊት ላጫውታችሁ።

ጨዊት የጨው ቅንጣት ናት። ከመርፌ ጫፍም ታንሳለች። የምትኖረው አንድ ሕፃን ደረት ውስጥ ነው።

ሕፃኑ እናቱ ሆድ ውስጥ ሳለ ደረቱ ውኃ ሞልቶት ነበር። ግድ የለም፤ አየሁ የምትባለው እናቱ ትተነፍስለት ነበር።

ዛሬ ግን ሕፃኑ ተወለደ። አሁን ራሱ መተንፈስ አለበት። አየሩ ሊገባ ቢመጣ ቤቱን ውኃ ይዞታል።

አዋላጇ ሲስተር ብርነሽ ጀርባውን በፎጣ አሸት አሸት አደረገችው። «አልቅስ እንጂ፣ የኔ ጌታ» አለችው።

ከክፍሉ ውጭ አክስቶቹ እልል ሊሉ ተዘጋጅተዋል። ግን የሕፃኑ ድምፅ ሳይሰማ እልል አይባልም። ዝም ብለው ቆሙ።

ጨዊት ዝምታውን ሰማችና ፈራች። ወዲያ ዘለለች። ወዲህ ዘለለች።

«ውኃዬ፣ ውጣለት እንጂ» አለች።

«አንቺ ቅደሚና እከተልሻለሁ» አለ ውኃው። «ያለ ጨው መንገድ አላውቅም።»

ጨዊት ወደ ግድግዳው ሮጠች። ግድግዳው ላይ ጨው የሚወጣበት ትንሽዬ በር አለ።

ኳ! ኳ! «ክፈትልኝ፣ ልውጣ!»

«መክፈቱንስ እፈልግ ነበር» አለ በሩ። «ግን ወገቤ በመቀነት ታስሯል።»

ጨዊት መቀነቱን ይዛ ጎተተች። ጎተተች፣ ጎተተች።

«ኧረ ተዪ፣ ባሰብኝ!» አለ በሩ። በጎተተችው ቁጥር ቋጠሮው ይጠብቃል።

ወዲያ ዘለለች። ወዲህ ዘለለች። ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«ጋሽ መቀስ! ይድረሱልኝ!»

እዚያው ደረት ውስጥ የሚኖሩት ሽማግሌው ጋሽ መቀስ መጡ። እሳቸው ያገኙትን ሁሉ አይቆርጡም። የት እንደሚቆረጥ ያውቃሉ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉ፣ ቀስ ብለው እየተራመዱ።

«እንቁላሉ ሲደርስ ይድረስ፤ ሕፃኑ ግን አሁን መተንፈስ አለበት» አለች ጨዊት።

ጋሽ መቀስ ሳቃቸው መጣ። ጎንበስ አሉና፣ ቀጭ! በዚህ በኩል ቆረጡ።

በሩ ገርበብ አለ። ጨዊት ጭንቅላቷን አሾለከች። ወይ ጉድ፣ ሆዷ ተቀረቀረ!

«ቆዪ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ መቀስ። «በአንድ በኩል ብቻ ቆርጠን አይሆንም።»

ቀጭ! በዚያም በኩል ቆረጡ። መቀነቱ ተበጥሶ ወደቀ።

ሲጢጢጥ... በሩ ተከፈተ!

ጨዊት ሮጣ ወጣች። እህቶቿ፣ ሌሎቹ የጨው ቅንጣቶችም፣ ተከተሏት። ሾሾሾ... ውኃውም ተከተላቸው።

ግድግዳው ላይ ባሉት ሌሎች በሮችም ቀጭ! ቀጭ! ይሰማል። የጋሽ መቀስ ወንድሞች ሥራ ላይ ናቸው።

ውኃው በለቀቀው ቤት አየር ገባ። ሕፃኑ አፉን ከፈተ።

«ኡዋ! ኡዋ! ኡዋ!»

«እልልልልል!» አሉ አክስቶቹ።

አየሁ ልጇን ደረቷ ላይ አስተኛችው። እንባዋ ጉንጩ ላይ ጠብ አለ። «እንኳን መጣህልኝ» አለችው።

ሕፃኑ እንቅልፍ ወሰደው። ደረቱ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል።

ጨዊት ወዲያ አልዘለለችም። ወዲህም አልዘለለችም። ከግድግዳው ማዶ ቁጭ ብላ ትንፋሹን አዳመጠች።

እስቲ እናንተም እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ። ከፍ... ዝቅ... ከፍ... ዝቅ...

በሉ ተኙ፣ የኔ ልጆች። በሩ ተከፍቷል።