ያልታጠበው ሳህን

ቅዳሜ የካቲት 10 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ጥሩብርሃን ለታሰረው ወንድሟ ለተሰማ ስንቅ ይዛ ጂንካ ዳር ካለው እስር ቤት በር ቆመች። ቤቱ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ቆርቆሮው ሲግል ወበቁ ውጭ ድረስ ይሰማል፤ የሽንት ቤቱ ሽታ ከዘበኛው ቀድሞ ይቀበላል።

«ቅመሺ» አላት ዘበኛው ወንድይፍራው። ስንቅ ያመጣ ሰው በዘበኛው ፊት ካልቀመሰ ምግቡ አይገባም።

ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ነበርና አንዱን የተቀቀለ ጎደሬ ሙሉውን በላችው።

«እህት ዓለም፣ ለእኛም ተይልን እንጂ!» አለ ሳህኑን ሊቀበል የወጣው ቀጭን እስረኛ።

ዳርጌ ይባላል። ለምን እንደታሰረ ራሱም በቅጡ አያውቅም። ዘመዶቹ ርቀው ወይጦ ወንዝ አካባቢ ስለሚኖሩ ስንቅ የሚያመጣለት የለም፤ ከተሰማ ጋር ነው የሚበላው፤ ስንቁንም ከበር የሚቀበልለት እሱ ነው።

ጥሩብርሃን አፍራ ሳቀች። ከዚያ ቀን ወዲያ ጎደሬው በሁለት ሰው ልክ ሆነ።

የሚነጋገሩት ሳህኑ ከእጅ ወደ እጅ እስኪያልፍ ብቻ ነበር።

«ደህና አደርሽ?»

«ደህና። አንተስ?»

«አንቺ መጥተሽ ምን እሆናለሁ...»

ሳህኑን ሁልጊዜ አጥቦ ነበር የሚመልስላት። የሰው ሳህን ሳይታጠብ መመለስ ንቀት ነው። በሚያዝያ ግን አንድ ቀን ጎመን እንደደረቀበት ሰጣት። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን አላስቻላትም።

«ዳርጌ፣ ገረድህ መሰልኩህ?»

ዘበኛውን በዓይኑ ሰረቅ አድርጎ አየና አንገቱን ደፋ።

«አትቀየሚኝ...» ብሏት ወደ ውስጥ ተመለሰ።

እያለቀሰች ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ስንቁን በጎረቤቷ በአስቻለች እጅ መላክ ጀመረች።

ግንቦት ላይ ተሰማ ተፈታ። ገና ሳይቀመጥ፣

«ጥሩዬ፣ ዳርጌን ምን አደረግሽው? በር በሩን ሲያይ ነው የሚውለው» አላት።

«ሳህኔን ማጠብ የተጠየፈ ሰው!»

«አንቺ ጅል! በምን ውሃ ይጠበው? ከሚያዝያ ወዲህ የጉድጓዱ ውሃ ከሽንት ቤቱ ጋር ተገናኝቷል። በአንድ ወር አራት ሰው ሞቶ ከመሃላችን ወጣ። አንቺን እንዳያሳምምሽ ብሎ እኮ ነው! በር ላይ ስለ በሽታ ያወራ ደግሞ ጨለማ ክፍል ይገባል።»

ጥሩብርሃን እንስራዋን አየች። ውሃ የምትቀዳው ከእስር ቤቱ በታች ከሚያልፈው ወንዝ ነው።

«የሽንት ቤታቸው ቦይ ወደ ወንዛችን አይደል እንዴ የሚወርደው?»

«ታዲያ ወዴት ይውረድ?» አለ ተሰማ፣ በደከመ ድምፅ።

በማግስቱ ውሃ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ በጀሪካን ይዛ ሄደች።

«ቅመሺ» አላት ወንድይፍራው።

«ውሃም ይቀመሳል?»

«ውሃም!»

ጠጣች። ዳርጌ ግድግዳ ይዞ ወጣ። ዓይኑ ጎድጉዷል።

«ከየት ቀዳሽው?»

«ከወንዙ። የእናንተው ነው፣ በእኛ ዞሮ የመጣ። አፍልቼዋለሁ።»

ሊስቅ ፈለገ፤ አቅም አጣ።

«ጥሩብርሃን... ከዚህ ከወጣሁ...»

«መጀመሪያ ጠጣ!»

«እሺ በይኝና እጠጣለሁ።»

«እሺ... እሺ ብያለሁ፣ ጠጣ!»

«ሰርጉን ከወጣ በኋላ አድርጉት፤ ከኋላሽ ሰልፍ አለ!» ብሎ ጮኸ ወንድይፍራው።

እስከ ነሐሴ ድረስ ጀሪካኑ አልቀረም። በነሐሴ ዳርጌ ተፈታ፤ በጥቅምት ተጋቡ። ሆዱ ግን ከዚያ ቤት ከወጣም በኋላ እንደታመመ ቀረ። አምስት ዓመት አብረው ኖሩ። በ1977 ዓ.ም.፣ በበልግ፣ እቤቱ፣ እጇ ላይ ሞተ።

ቦዩ አሁንም ወደ ወንዙ ይወርዳል። የታችኛው ሰፈር ሰውም ከዚያው ይቀዳል። ጥሩብርሃን አፍልታ ትጠጣለች።