የታፔላው የመጨረሻ ፊደል

ማክሰኞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ወንድሜ በሚሠራበት የታፔላ ሱቅ ደጃፍ ታፔላ ሲጽፍ ከመሰላል ወድቆ ሞተ። መርማሪዋ ስትደርስ እኔም ተጠርቼ መጥቼ ነበር፤ አለቃው ከሬሳው አጠገብ ቆሞ ጥርሱን ይጎረጉር ነበር።

«ምኑ ይመረመራል እህቴ?» አላት። «እንቅልፋም ነው፤ ተኝቶ ወደቀ። ከእሱ መሰላሉ ይነቃ ነበር።»

የወንድሜ የሥራ ባልደረባ ሳቀ። ቄንጠኛው እንለዋለን፤ ታፔላ ለመጻፍ ሳይሆን መስታወት ለማየት የተፈጠረ ሰው ነው።

ወንድሜ የእንቅልፍ በሽታ ነበረበት። የሐኪሙን ወረቀት ያሳያቸው ቀን አለቃው ሳያነበው፣ «ስንፍናህን ሐኪም ቤት ወስደህ አስመረቅኸው?» ብሎ መለሰለት። አሁን ደግሞ መዝገቡ ላይ «በራሱ ጥፋት» ሊያስጽፍ ነው። እኔ ያንን እያየሁ ዝም ልል አልቻልኩም፤ «ተኝቶ አልነበረም» አልኳት መርማሪዋን።

መርማሪዋ በመጀመሪያ ቄንጠኛውን ጠየቀች።

«የት ነበርክ?»

«መሰላሉን ይዤ ነዋ። ከላይ ሲያንኮራፋ ሰማሁት። ብሩሹ ከእጁ ወደቀ፤ እሱም እንደ ጆንያ ተከተለው።»

«አለቃህስ?»

«ውስጥ፣ ከደንበኛ ጋር።» ደንበኛዋም ይህንኑ አረጋገጠች።

መርማሪዋ ወደ እኔ ዞረች። «መቼ መቼ ነበር የሚተኛው?»

«ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት፣ ከሱቁ ጀርባ ካርቶን አንጥፎ። ከዚያ ሲነሳ እንደ እሱ ንቁ የለም። እንቅልፉ ድንገት ከያዘው ደግሞ የሚጽፍበት እጁ ቁልቁል ይሄዳል፤ ተማሪ ሳለ ደብተሮቹን ሁሉ እንዲያ አበላሽቷል።»

ከጎረቤት ሌላ መሰላል አስመጥታ ወጣች። ብዙ ቆይታ ወረደችና ሁላችንንም ታፔላው ሥር ሰበሰበችን።

«የመጨረሻውን ፊደል እዩት፤ እግሩ እንደ ክር ቀጥ ብሏል። ያንቀላፋ እጅ እንዲህ አይጨርስም። ብሩሹም አልወደቀም፤ ተጠርጎ ታፔላው ላይ በተንጠለጠለው ጣሳ ውስጥ ተቀምጧል። ሰውየው ሥራውን ጨርሶ ሊወርድ ነበር። መሰላል በራሱ ሲንሸራተት ግድግዳውን ቁልቁል ይጭራል፤ ይኼ ጭረት ግን ወደ ጎን ነው። ከታች የያዘው ሰው ገፍቶታል።»

አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጠዋት… አዲስ የመጣውን የሆቴል ታፔላ ሥራ ለእንቅልፋሙ እሰጣለሁ ብዬ ለቄንጠኛው ነግሬው ነበር። ምን ላድርግ፣ ደንበኛ የእሱን ፊደል ነው የሚወደው።»

«አሥር ዓመት ቆሜ ሠርቼ» አለ ቄንጠኛው፣ «ካርቶን ላይ የሚጋደም ሊበልጠኝ?»

«ለመናቅ ተጋህ፣ ለማወቅ ሰነፍክ» አለችው መርማሪዋ። «መቼ እንደሚተኛ አንድ ቀን ጠይቀኸው ቢሆን ኖሮ ሌላ ውሸት ትመርጥ ነበር።»

ቄንጠኛው አሥራ ሰባት ዓመት ተፈረደበት። በሞት መዝገቡ ላይ «በሰው እጅ» ተብሎ ተጻፈ፤ ቅጂውን ለማውጣት ሦስት ወር ተመላለስኩ።