አረንጓዴ ዘርፍ ያለው ነጠላ

«አታርጥቢው!»

ነሲባ የጓደኛዋን የንጋቷን እጅ ለቀም አደረገች። ንጋቷ የክሩን ጫፍ ወደ ከንፈሯ እያስጠጋች ነበር። የነጠላ ዘርፍ ስትቋጭ ክሩን ምራቅ ማስነካት ልማዷ ነው፤ ያላረጠበችው ክር እምቢ ይላታል።

«ምን ሆነሻል? ጫፉ እየተበተነ እኮ ነው!»

«በቃ አታርጥቢው። በደረቁ ቋጪው።»

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ «አታድርጊ» ሲሏት ምን እንደምታደርግ የታወቀ ነው። ንጋቷ ክሩን አፏ ውስጥ ከተተችና ጎትታ አወጣችው። መረራት። ከንፈሯን በአውራ ጣቷ ብትጠርገው ጣቷ አረንጓዴ ሆነ።

ውጭ የበልግ ጉም አንኮበርን ሸፍኖ ካፊያ ጀምሯል። ከማድቤት የንጋቷ እናት የአልታየች ድምፅ ይሰማል፤ ስለ ጠላው፣ ስለ ዳሱ፣ ስለ ሁሉም ነገር ትቆጣለች።

ነገ የንጋቷ ታላቅ እህት ሸዋወርቅ ትዳራለች። በንጋቷ ጉልበት ላይ የተዘረጋው ነጠላ ሙሽራዋ ለአማቷ የምታበረክተው ስጦታ ነው። ደብረ ብርሃን አጠገብ ካለው የባሏ ቤት ስትደርስ፣ አማቷ እመት በሰለች በሠርገኛው ፊት ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገውት ይመርቋታል። ፈትሉን የፈተለችው ራሷ ሸዋወርቅ ናት። ዘርፉ ግን የንጋቷ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ የተንጠለጠለውን ድር ከአረንጓዴ ክር ጋር እያጠላለፈች እንደ መረብ ቋጭታዋለች። ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው።

እናቷ «ቀይ ይሁን» ብላ ነበር። ቀይ ክር ከባሕር ማዶ ጨርቅ እየተተረተረ በየቤቱ ይገኛል። ንጋቷ ግን አረንጓዴ ካየች ሌላ አይታያትም። ከአልዩ አምባ ገበያ ቁራጭ አረንጓዴ ክር ባገኘች ቁጥር ለጓደኞቿ ማተብ ትገምድበታለች። ለነጠላው የሚበቃውን ያህል ይዛላት የመጣችው የነጋዴው የዓወል ልጅ ነሲባ ናት። «አባቴ ከዘይላ አመጣልሽ» ብላት ነበር።

«ነሲባ፣ ይሄ ክር ከየት ነው የመጣው?»

ነሲባ አንገቷን ደፋች። «የአባቴ ግመሎች አልደረሱም። አንቺ ደግሞ ዓርብ ዓርብ ገበያ እየወረድሽ ‹መጣ ወይ?› ትይኛለሽ። እርድና ሰማያዊ የቀለም ዱቄት ቀላቅዬ ነጭ ክር አፈላሁበት። ወላሂ፣ ሲደርቅ የያዘ መስሎኝ ነበር። እጄ ላይ ሲለቅ ያየሁት ትናንት ነው።»

«ትናንት! ትናንት አውቀሽ ዛሬ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ክር ታቀብይኛለሽ?»

«ፈራኋ!»

ንጋቷ በጥፊ ልትላት ምንም አልቀራት። በእመት በሰለች ነጭ ልብስ ላይ አረንጓዴ ውሃ ሲወርድ ታያት። ሸዋወርቅ ገና ደጃፉን ሳትረግጥ የሠርገኛው መሳቂያ ልትሆን ነው፤ ወሬው ደግሞ ዕድሜ ልኳን አይለቃትም።

«እማዬን እጠራታለሁ።»

ነሲባ ቀሚሷን ያዘቻት። «እትዬ አልታየች ክሩ ከአባቴ የመጣ ነው የሚመስላቸው። ዓወል አታለለን ካሉ እዚህ ማን ይገዛዋል? ንጉሡ አንኮበርን ትተው እንጦጦ ከገቡ ወዲህ ገዢው እንደሆነ ሳስቷል። አባቴ ደግሞ ምንም አያውቅም፤ ገና መንገድ ላይ ነው። ዝም እንበል፣ ንጋቷ። ነገ ላይዘንብ ይችላል።»

«ንጋቷ! አላለቀም እንዴ?» አለች እናቷ ከማድቤት። «ላጣጥፈው መጣሁ!»

ንጋቷ እናቷን ታውቃታለች፤ ዛሬ የተናገረችው ነገ በገበያው ሁሉ ይወራል። ዓወልንም ታውቃቸዋለች። በሄደች ቁጥር «ልጄ መጣች» ብለው ተምር የሚያስጨብጧት ሰው ናቸው። ዝም ብትልስ? ዝም ካለች ደግሞ እህቷን አዋረደቻት።

ክር የምትቆርጥበትን ምላጭ አነሣችና ዘርፉን ከነቋጠሮው ትቆርጠው ጀመር።

«ኧረ ንጋቷ!» አለች ነሲባ።

አንዱን ጫፍ ጨርሳ ወደ ሁለተኛው ስትዞር እናቷ በር ላይ ደረሰች።

«እግዚኦ! ምን ነካሽ?»

«ቀለሙ ይለቃል፣ እማዬ።» ንጋቷ አውራ ጣቷን አሳየቻት።

አልታየች ጣቷን አየች፤ ከንፈሯን አየች፤ ቀጥላ ነሲባን አየች። «ዓወል ነው? ያ ዓወል ነው እንዲህ የሚጫወትብን?»

ነሲባ ወደ ግድግዳው ሸሸች።

«እሳቸው ክሩን አላዩትም» አለች ንጋቷ። «እኔና ነሲባ ነን የነከርነው። እኔ ነኝ አረንጓዴ ካልሆነ ያልኩት።»

«ቀይ ይሁን አላልኩሽም? አላልኩሽም ወይ?» አለች እናቷ። «ያቺ ልጅ ዓይኗ እስኪቀላ የፈተለችውን! በይ፣ ለእህትሽ ራስሽ ንገሪያት። አሁኑኑ!» ብላ ወደ ማድቤት ተመለሰች።

ነሲባ ታለቅስ ጀመር። «ለምን እንደዚያ አልሽ?»

«ታረቅን ማለት አይደለም። አኩርፌሻለሁ።» ንጋቷ ሁለተኛውንም ጫፍ ቆርጣ ነጠላውን አቀበለቻት። «ከሁለቱም ጫፍ ማጉን ስንዝር ስንዝር ተርትሪ። ድሩ ሲራቆት ነጭ በነጭ እንቋጨዋለን።»

«አጭር ይሆናል እኮ። እመት በሰለች ደግሞ ረጅም ናቸው አሉ።»

«ይሁን።»

ንጋቷ ተነሥታ ሙሽራዋ ወዳለችበት እልፍኝ አመራች። ከኋላዋ የነሲባን ኮቴ ሰማች።

«ቁጭ ብለሽ ተርትሪ አልኩሽ!»

«ለሸዋወርቅ እውነቱን እኔ ነኝ የምነግራት» አለች ነሲባ እንባዋን እየጠረገች።

ንጋቷ የእልፍኙን በር ከፈተችና ነሲባ እስክትደርስ ይዛላት ቆመች።