ያለ ቀዩ ገመድ አይነሳም

ጌዲዮን ጥላሁን ሲገኝ በረዶ በሸፈነው ሐይቅ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ነበር። ሁለት እጆቹ ግን በረዶው ላይ ተዘርግተው፣ የጃኬቱ እጅጌዎች እስከ ክርኑ ከበረዶው ጋር ተጣብቀው ስለነበር፣ ያወጡት ሰዎች ዙሪያውን በመጥረቢያ መፈልፈል ነበረባቸው። ያዩት እሑድ ጠዋት ዓሣ ሊያጠምዱ የመጡ ጡረተኞች ናቸው። በበረዶ ላይ የሚነዳው ሞተር፣ ስኖሞቢል የሚሉት፣ ከሥሩ የሐይቁ ወለል ላይ ተኝቷል። ሞተሩን ጭኖ የመጣበት ፒክአፕ ዳር ላይ ቆሟል። ሌላ ሰው የለም።

ከካናዳዋ ካልጋሪ ከተማ አንድ ሰዓት ያህል ነድታ የደረሰችው ፈይሩዝ ዓብዱልቃድር ትባላለች። ሰው በድንገት ሲሞት አደጋ ይሁን፣ ግድያ ይሁን፣ ወይም ራስን ማጥፋት አጣርታ የምትወስን የመንግሥት መርማሪ ናት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ያነክሳል፤ ጆሮዋ ግን አያነክስም። ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካ እጅጌዎቹን ብዙ ጊዜ አየች። ከዚያ ጃኬቱን ዳሰሰች፣ ኪሶቹን ፈተሸች። የቁልፍ መያዣ፣ ማስቲካና አንድ የሴት ቀለበት አገኘች፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

ክፉ ወሬን እንደሆነ የካልጋሪ ብርድ እንኳ አያቆመውም። ሰኞ ላይ ሐበሻው በሚኖርበት ማርልቦሮ ሰፈር ያልሰማ አልነበረም። ጌዲዮን ዓርብ ከእጮኛው ከወንጌል ጋር ተጣልቷል፤ ቀለበቱን መልሳለታለች፤ ቅዳሜ የጓደኛውን ሞተር ተውሶ ብቻውን ሄዷል፤ ሆን ብሎ ስስ በረዶ ላይ ነድቷል። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ይህን የሚንሾካሾኩት ሰዎች ሳሎኑ ጠባብ መሆኑን የረሱ ይመስላሉ።

እናቱ እትዬ ቆንጅት ሰምተዋል። ፈይሩዝ ስትመጣ እጇን ይዘው ወደ መኝታ ቤት አስገቧትና በሩን ዘጉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ራሱን ነው የገደለው?»

«እስካሁን አላውቅም እትዬ። ያላወቅኩትን ነገር ነግሬ ኮምፈርት ላደርግዎት አልፈልግም።»

«እንግዲያው እወቂልኝ። ሳይቀበር እወቂልኝ።»

ፈይሩዝ ቅዳሜን እንዴት እንደዋሉ ጠየቀቻቸው። እትዬ ቆንጅት ይህን ሲናገሩ ፊታቸውን አዞሩ፤ ቅዳሜ ደስ ብሏቸው ነበር የዋሉት፣ የሚያሳፍራቸውም ይኸው ነው። ታናሽ ወንድማቸው ጋሽ እንድርያስ ከሰዓት በኋላ ምግብ ይዞ መጥቶ፣ የልጅነት ታሪክ እያነሣ እስኪመሽ አብሯቸው ቆየ። ስልካቸውንም «ቀርፋፋ ሆኗል፣ ላሠራልሽ» ብሎ ወሰደ። እሑድ ፖሊስ በፒክአፑ ታርጋ ባለቤቱ ሩቤን ጋ ሄደ፤ ሩቤን ለጋሽ እንድርያስ ደወለ፤ እርሱም ሽማግሌዎች ሰብስቦ መጥቶ አረዳቸው። ስልኩንም ያን ዕለት መለሰላቸው።

«ስልኩ ምን ሆኖ ነበር?» አለች ፈይሩዝ።

«ምንም አልሆነም። እንድሬ እንዲህ ነው፣ ለእኔ የማያስበው ነገር የለም። ሆዴን እስኪያመኝ አሳቀኝ። ልጄ ሞቶ እኔ ስስቅ ዋልኩ።»

ፈይሩዝ ስትወጣ ጋሽ እንድርያስ በር ላይ ሰው ይቀበሉ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ቁመታቸው ረጅም፣ ድምፃቸው ለስላሳ። ቅዳሜ ጠዋት ለእሑድ ፕሮግራም ወንበር ሲያስተካክሉ እንደነበር ነገሯት። የመነጽራቸው ክንድ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

«አዲሱ ተሰብሮብኝ ነው፤ ይኼ የድሮው ነው» አሏት ዓይኗን ተከትለው።

ወንጌል ለቅሶ ቤቱ ለመግባት ፈርታ መንገድ ዳር መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ፈይሩዝ ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች። ልጅቷ ቀለበቱን የመለሰችው ጠልታው አይደለም። አባቷ ሽማግሌ ሳይላክ የተሰጠ ቀለበት አላውቅም ብለው ስላስጨነቋት ነው።

«"ጊቭ ሚ እስከ እሑድ" አለኝ። "ሽማግሌ እልካለሁ፣ ላይክ፣ በደንቡ" አለኝ። ማንን እንደሆነ አልነገረኝም። እኔ ነኝ የገደልኩት፣ አይደል?»

ፈይሩዝ መሐረብ አውጥታ ሰጠቻት።

የቀረው የሞተሩ ባለቤት ሩቤን ነው፤ ሐሜተኞቹም ከወንጌል ቀጥሎ ጣታቸውን የቀሰሩት በእርሱ ላይ ነበር። ፖሊስ ፎቶ አንስቶ ሞተሩን በመለሰለት ሰዓት፣ ኦግደን ሰፈር ባለው ጋራዡ አስገብቶ መፍታት ጀመረ። ጓደኛው ሳይቀበር ሞተር የሚፈታ ሰው፣ የሚያጠፋው ማስረጃ ቢኖረው ነው እንጂ ምን ይሆናል ተባለ። እውነቱን ለመናገር ፈይሩዝም ይህንኑ አስባ ነበር የሄደችው።

«ለምን ቸኮልክ?» አለችው።

«ውኃ ውስጥ እያለ ብዙ አይጎዳም። ወጥቶ ኤር ሲነካው ነው የሚዝገው። አሁን ካልደረስኩለት አለቀለት።» ቀና አላለም። «ከስክራፕ አንስተን የሠራነው እኔና ጌዲ ነን። አንዴ፣ ጀስት አንዴ፣ ድምፁን መስማት ፈልጌ ነው።»

ሞተሩን በጎኑ አጋደመው። ካንዴላዎቹን ፈትቶ የማስነሻውን ገመድ ሲስብ፣ በቀዳዳዎቹ የሐይቁ ውኃ ተፈናጥሮ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ውኃው እስኪያልቅ ደጋግሞ ሳበ። ዘይት ጨምሮ እንደገና ሳበ። ውኃ የገባበትን ቤንዚን ቀዳ፣ ካርቡሬተሩን አጠበ፣ ሽቦዎቹን በሙቅ አየር አደረቀ። እያለቀሰ ነበር የሚሠራው፤ ሁለቱም እንዳላዩ ሆነው አለፉት። የፈይሩዝ ዓይን ግን ማስነሻው ገመድ ላይ ነበር። ያለ አንዳች መንገጫገጭ ይሳባል።

«ውኃ ውስጥ ሲገባ እየሠራ ቢሆን ኖሮስ?»

«ኖ ዌይ። እየሠራ ውኃ ከጠጣ ፒስተኑ ውኃውን መጭመቅ አይችልም፤ ውስጥ ያለው ብረት ይጎብጣል። እንዲህ ስሙዝ አይሳብም።» እጁ ቆመ። «ዌት። ጠፍቶ ነው የገባው?»

«ምን አጠፋው?»

ሩቤን መሪው ሥር ያለውን ባዶ ቦታ በጣቱ ነካ። እዚያ ላይ የቀይ ጥምዝምዝ ገመድ ቆብ ይገጠማል፤ የገመዱ ሌላ ጫፍ ነጂው ጃኬት ላይ ይታሰራል። ነጂው ከወደቀ ቆቡ ተነቅሎ አብሮት ይሄዳል፣ ሞተሩም ወዲያው ይጠፋል። ያለ ገመዱ ደግሞ አይነሳም።

«ገመዱ የት ነው?»

«ጌዲ ጃኬት ላይ ነዋ። አይደለም እንዴ?»

ፈይሩዝ የቁልፍ መያዣውን፣ ማስቲካውንና ቀለበቱን አስታወሰች። «አይደለም» አለች።

በማግስቱ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እትዬ ቆንጅትን ወንድማቸው እንደ ወትሮው በመኪናቸው የፊት ወንበር ከአጠገባቸው አስቀምጠው አመጧቸው። ወንጌል ከበሩ ሳትርቅ ቆመች። ሞተሩ ተጠርጎ፣ አዲስ ካንዴላና አዲስ ቤንዚን ገብቶለት መሐል ላይ ቆሟል።

ፈይሩዝ ቀስ ብላ ጀመረች። ሞተሩ ውኃ ሳይነካው በፊት ጠፍቷል። ያጠፋው የገመዱ መነቀል ነው። ገመዱ ግን ጌዲዮን ላይ የለም፣ ሐይቁ ወለል ላይም በጠላቂ ተፈልጎ አልተገኘም። ስለዚህ ሲነዳ የነበረው ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ወድቋል፣ ገመዱን በጃኬቱ እንዳሰረ በሕይወት ወጥቷል።

«ሩቤን አይደለም፤ ቅዳሜ ኤርፖርት ሺፍት ላይ ነበር፣ ካሜራ አለ። ወንጌልም ፈተና ላይ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ስለ አንድ ስልክ ሳስብ ነበር።» ወደ እትዬ ቆንጅት ዞረች። «አያቴ ደሴ የሞተች ጊዜ፣ እናቴ የአባቴን ስልክ ሩዝ ከረጢት ውስጥ ደብቃ አደረች። ሰዎች ጎህ ሲቀድ መጥተው እስኪያረዱት፣ ማንም ደውሎ እንዳይነግረው። ስልክ የሚደበቀው መርዶ ሲኖር ነው። የእርስዎ ስልክ የተወሰደው ቅዳሜ ነው። ጌዲዮን የተገኘው እሑድ ነው።»

ውጭ የባቡር ፉርጎዎች ሲጋጩ ተሰማ።

«ጋሽ እንድርያስ፣ ሞተሩ ያለ ገመዱ አይነሳም» አለች ፈይሩዝ። «ፕሊስ።»

ጋሽ እንድርያስ ብዙ አላስቸገሩም። እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ አስገብተው ቀዩን ገመድ አወጡ። ከቅዳሜ ጀምሮ ሊጥሉት ሞክረው መጣል አቅቷቸው ነበር።

ጌዲዮን ሐይቁ ድረስ የጠራቸው ሽማግሌ ሆነው ለወንጌል አባት እንዲቀርቡለት ሊለምናቸው ነው፤ እሺ አሉት። ደስ ብሎት «እስኪ ይንዱት ጋሼ» ብሎ ሞተሩ ላይ አስቀምጦ ገመዱን ራሱ አሰረላቸው። ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል ወዳለው ስስ በረዶ ጠመዘዙና ወደቁ፤ በረዶውም ተሰበረ።

«በሆዱ እየተሳበ መጥቶ አወጣኝ» አሉ ወደ እህታቸው ሳያዩ። «ከዚያ የሞተሩ ክብደት በረዶውን ሰብሮ ይዞት ገባ። ጠራሁት፣ ጠራሁት። መነጽሬ ውኃ ውስጥ ቀርቷል፣ አይታየኝም። ሞቷል አልኩ። ስልኬ በስብሶ ነበር። መንገድ ላይ ነዳጅ ማደያ አለ፤ ብገባና ብደውል ፖሊስ በርሽን ያንኳኳብሻል። በእንግዳ አፍ ድንገት እንዳትሰሚ ብዬ አለፍኩት። ንጋት ላይ ሰው ሰብስቤ ልነግርሽ ነበር። አንዲት ቀን ላቆይልሽ ብዬ ነው፣ እታለም።»

ወንጌል አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ልጄ ራሱን አልገደለማ?» አሉ እትዬ ቆንጅት። ያዩት ፈይሩዝን ብቻ ነው።

ፈይሩዝ ይህን ጥያቄ ፈርታ ነበር። መልሱን ሐይቁ ዳር ስትንበረከክ ጠርጥራው ነበር፤ አሁን ግን ያው መልስ እናቲቱን ሲያድን ወንድምየውን የሚገድል ሆኖ ተገኘ። እወቂልኝ ተብላለችና ተናገረች።

«አልገደለም። እዚህ ያደግን ልጆች ስኩል ውስጥ የምንማረው ነገር አለ። በረዶ ውኃ ውስጥ ወድቀህ መውጣት ካቃተህ፣ እጅህን በረዶው ላይ ዘርግተህ ዝም በል። እጅጌህ ከበረዶው ጋር ይጣበቃል፤ ራስህን ብትስት እንኳ አትሰምጥም፣ ሰው እስኪደርስልህ። ጌዲዮን ከሰመጠበት ተመልሶ ብቅ ብሎ ነበር እትዬ። ሁለቱም እጅጌዎቹ ተጣብቀው ነበር። መኖር ነው የፈለገው። እየጠበቀ ነበር።»

«ማንን?»

ጋሽ እንድርያስ ከኋላቸው በነበረው ጎማ ላይ ቁጭ አሉ፤ እንደ ሕፃን ጮኸው አለቀሱ።

እትዬ ቆንጅት አላለቀሱም። ወንድማቸውን ቁልቁል አዩት። «ያን ሁሉ ስታስቀኝ» አሉ በዝግታ፣ «ልጄ እየጠበቀህ ነበር።»

ከእጁ ገመዱን ወስደው ለሩቤን ሰጡት። ሩቤን ቆቡን ገጠመና ማስነሻውን ሳበ። እንቢ አለ። ደግሞ ሳበ። በሦስተኛው ሞተሩ እንደ ሰው ሳለ፣ ሰማያዊ ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ድምፁ ጋራዡን ሞላው። ሩቤን ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። እናት መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ አሳረፉ፤ እስኪሞቅ ጠበቁ። ከዚያ በገዛ እጃቸው ቀዩን ገመድ ነቀሉት።

ወንጌልን ጠርተው ግንባሯን ሳሟት። ፈይሩዝ ቀለበቱን ስታወጣም፣ ለእርሷ ስጪያት አሏት። ፖሊስ ጋሽ እንድርያስን እንደሚጠይቅ፣ እርሷ ግን ሞቱን አደጋ ብላ እንደምትጽፍ ፈይሩዝ ስትነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሩቤን በፒክአፑ ሊያደርሳቸው ለመነ፤ አይሆንም አሉት። ጋሽ እንድርያስ የመኪናቸውን የፊት በር ከፍተው ቆሙ። እትዬ ቆንጅት በተከፈተው በር አልፈው ሄዱ፤ የኋላውን ራሳቸው ከፍተው ገቡና ተቀመጡ።