በሰሊጥ ወቅት የተጠራ ስብሰባ

ዝናሽ ደረበን ያወቀችው በራሷ ስህተት ነው። ተመስገን የሚያሰኝ ስህተትም አለ!

ያኔ ቆላው ሸሕዲ ላይ የወረዳው የኢነርጂ ባለሙያ ነበረች፤ ከደጋ ከወረደች ገና ዓመት አልሞላትም። የሽንፋ ቀበሌ ገበሬዎችን ስለ ፀሐይ ኃይል ላስተምር ብላ በጥቅምት ስብሰባ ጠራች። የመጣ ሰው አልነበረም። ከቀትር በኋላ አንድ ላብ ያጠመቀው ወጣት በሩ ላይ ቆመ።

«ሰው አይጠብቁ» አላት። «ሰሊጡ ታጭዶ፣ ታስሮ በየሂላው ተከምሮ ቆሟል። አፉን ሲከፍት ቶሎ ካላራገፉት ፍሬው መሬት ላይ ይፈሳል። በጥቅምት እዚህ ለቅሶም በጥድፊያ ነው።»

«ታዲያ አንተ ለምን መጣህ?»

«ብቻዎን ሲቀመጡ አሳዘኑኝ።»

ሳቀች። በዓመቱ ሽንፋ ላይ የፀሐይ መብራት ሲበራ «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» ሆኖ ነበር።

የደረበ አባት አቶ ገብረማርያም ግን ፍቅራቸውን አልወደዱትም። «የመንግሥት ሠራተኛ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ናት። ጥላህ ትሄዳለች» አሉት።

እንዳሉትም አንድ የፀሐይ ኃይል አቅራቢዎች ማህበር ዝናሽን ለዋና ሥራ አስኪያጅነት አዲስ አበባ ጠራት። ለደረበ ስትነግረው የፈለገችው አንድ ቃል ነበር፤ ሂጂ ወይም ቅሪ። እሱ እጆቹን እያየ ዝም አለ። አኩርፋ ሄደች።

ሥራው ተሳካላት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ልጅ ናትና ፋይል የት እንደሚተኛ ታውቃለች፤ የመብራቶቹ ቀረጥ እንዲቀንስ ከየባለሥልጣኑ ጋር ተሟገተች፣ ማህበሩም በእጇ አደገ። ሥራዋን ከልቧ ወደደችው። ሽንፋ ሲባል ግን አሁንም ልቧ ድንግጥ ይላል።

በአራተኛው ዓመት የማህበሩን ጉባኤ ጎንደር ላይ ጠራች። የሽንፋ ተጠቃሚዎች ተወካይ ደረበ መሆኑን ስታውቅ ደስታዋ ወቅቱን አስረሳት። ጉባኤው ተከፍቶ የሽንፋን ባዶ ወንበር ስታይ ነው የባነነችው። ያው ጥቅምት! በራሷ ተናደደች።

ለሻይ ሲወጡ ደረበ አቧራ ለብሶ ደጁ ላይ ቆሟል።

«ሂላህስ?» አለችው።

«አፉን ከፍቷል።»

«ይፈሳላ!»

«ይፍሰስ። ያን ጊዜ ሂጂ እንዳልልሽ አንጀቴ እምቢ አለኝ፤ ቅሪ እንዳልልሽ ሥራሽን አውቀዋለሁ። ዝም ብየ አጣሁሽ። ዘንድሮም ዝም ብየ ሰሊጥ ላራግፍ?»

ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሥራዬን ግን አልተውም።»

«ማን ተይ አለሽ? ለማህበርሽ ሸሕዲ ላይ ቅርንጫፍ ክፈቺ። ቆላው እንደሁ ፀሐይ አላነሰው!»

ጉባኤው እንዳበቃ አብረው በሚኒባስ ወረዱ። በመንገዱ ሁሉ የፈሰሰው ሰሊጥ በሐሳቧ ታያት፤ የዓመት ልፋቱ የጠፋው በእሷ ምክንያት ነው። ማሳው ሲደርሱ ግን ሸራ ተነጥፎ፣ አቶ ገብረማርያም ከጎረቤቶቻቸው ጋር የመጨረሻውን ሂላ እያራገፉ ነበር።

«ደግሞ በጥቅምት ሰበሰብሽ አሉ» አሏት ወገባቸውን ይዘው ቀና እያሉ።

«አጠፋሁ፣ አባቴ።»

«ግዴለም። ልጄ ከሰሊጥ የሚያስበልጠው ነገር እንዳለ አየሁበት።» አንዲት እስር አነሱና ዘረጉላት። «በይ ይቺን አንቺ አራግፊያት። የቤቱ ሰው ቆሞ አያይም።»

ዝናሽ የጉባኤ ጫማዋን አውልቃ ሸራው ላይ ወጣች። እስሯን ዘቅዝቃ ስትመታት ፍሬው እግሯ ሥር ተንሿሿ። «ተመስገን» አለች ጮክ ብላ፣ ሁሉም እየሰማት።