ደህና ነን

የበርበሬ ነጋዴው የሰማን ቤት ቡታጅራ ገበያ ዳር ነበር። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ የመስቃን በርበሬ በጆንያ እየታጨቀ መጋዘኑ ውስጥ ይከመር ስለነበር፣ በደጁ የሚያልፈውን ሁሉ ያስነጥሰው ነበር። ሰዉ ሰማንን “ደህና ሰው ነው” ይለዋል። ደህና ሀብት፣ ደህና ዘር፣ ደህና ስም አለው ማለቱ ነው። አቤት ይህች ቃል! ስንት ጉድ ትሸፍናለች!

አንድያ ልጁ ዘይባ ደህና ከሚባል ቤት ታጭታ ሳለ ሳል ጀመራት። በበርበሬ ነጋዴ ቤት ሳልን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? አባቷ “በርበሬው ነው” አለ። ጎረቤቱም “በርበሬው ነው” አለ። በርበሬው ተሸጦ መጋዘኑ ባዶ ሲቀር ግን ሳሏ ባሰባት። እናቷ ሃሊማ የልጇ ሻሽ ላይ ደም አየችና ባሏ እግር ሥር ወደቀች።

“ወላሂ ይሄ የበርበሬ ሳል አይደለም! ሐኪም ይያት!”

“ሳንባዋን ታማለች ከተባለ ማን ያገባታል? ኒካው ይለፍ፤ ኢንሻአላህ ይሻላታል።”

ለልጁ አስቦ ነው የሚሉ አሉ። ውሸት! ያሰበው ለስሙ ነው!

በዚያው ሰሞን ከጤና ጣቢያ የተላከው የሐኪም ረዳት፣ ድሬሰር ሀብተወልድ፣ የሚስል ሰው ፍለጋ በበቅሎ ቤት ለቤት ይዞር ጀመር። ሰማን መምጣቱን ሲሰማ ዘይባን ጓዳ አስገባት።

“እስኪሄድ ድረስ እንዳትስይ፤ እሺ ልጄ?” አላት።

ሀብተወልድ ከበቅሎው ሳይወርድ ከደጅ ተጣራ።

“አቶ ሰማን፣ ደህና ናችሁ?”

“አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።”

ይህ ጥያቄ ነው ወይስ ሰላምታ? “ደህና ናችሁ?” ለተባለ ሰው መልሱ “ደህና ነን” እንደሆነ፣ ቤቱ እየተቃጠለም ቢሆን እንደዚያው እንደሚል ሀብተወልድ አያውቅም ነበር? ወርዶ አንዴ ወደ ውስጥ ቢገባ ምን ነበረበት?... “በሉ ደህና ዋሉ” ብሎ በቅሎውን ኮለኮለ።

ሰማን የጓዳውን በር ከፈተ። ዘይባ ሻሿን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር። ሻሹን ቀስ ብላ አወጣችው።

“አባ... ሄደ? አሁን ልሳል?”

ፈቃዱን ሳትጠብቅ ሳሉ አመለጣት። ደሙ በአፏም በአፍንጫዋም ወረደ። ያ ኩሩ ነጋዴ በባዶ እግሩ ገበያውን እየሰነጠቀ በቅሎውን ተከትሎ ሮጠ።

“ሐኪም! ደህና አይደለንም! ኧረ ደህና አይደለንም!”

ገበያተኛው ሁሉ ሰማ። ሀብተወልድም ሰምቶ በቅሎውን መለሰ። ሲደርሱ ግን ዘይባ በእናቷ ክንድ ላይ አርፋ ነበር... ለኒካው የተገዛላት ልብስ ሳይለበስ በከፈን ተጠቅልላ ሄደች!

ለቅሶ የመጡት ሽማግሌ “የአላህ ቀደር ነው፤ የተጻፈ አይቀርም፤ ቻሉት” አሉ። ሃሊማ ቀና አለች።

“ቀደርማ በበቅሎ ደጃችን ድረስ መጥቶ ጠይቆን ነበር፣ አባባ። እኛ ነን የመለስነው።”

እድል ጠማማ ናት ይባላል። እድልን ምን አድርጊ እንላታለን? ደግማ ደጋግማ አንኳኩታ፣ እኛው በሰላምታ የሸኘናትን! ሰማን መጋዘኑን ሸጦ፣ ደጁ ላይ ተቀምጦ አረጀ። መንገደኛ “ደህና ነህ?” ሲለው “አይደለሁም” ይላል። መንገደኛውም ሳያዳምጠው “ተመስገን” ብሎ ያልፋል።